ወታደሩ ሯጭ ሻምበል አበበ ቢቂላ

በነቀምቴ፥ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ማለዳ ተነሥቶ ለጤናው የሚሮጥ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ሩጫቸውን ወደ ውድድር ደረጃ ከፍ ለማድረግ ሲያስቡ ሁለት ምክንያቶች ያግዷቸዋል። አንደኛው ሥራ ጊዜ አይሰጥም የሚል ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜ አልፏል የሚል ነው። ለሁለቱም መልስ የሚሆን የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ታሪክ ስላለ፥ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ በመንዲዳ አጠገብ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ ነበር። ከሜዳ ሜዳ ሩር እየተከተለ መሮጥ ሲለምድ፥ ይህ ነገር አንድ ቀን እንጀራውና ስሙ ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ጎልማሳ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ገባ። ሥራው የወታደር ሥራ ነበር፤ ይኸውም ዘብ መቆም፥ ሰልፍ መውጣት፥ የአለቃን ትእዛዝ መፈጸም ነው። በዚያ ዘመን ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ ድረስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በሩጫ ይመላለስ እንደ ነበር ይነገራል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል፥ አበበ ገና ስሙ ያልታወቀ ወታደር ነበር።

ችሎታውን አይቶ በሥርዓት ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። ረጅሙን ርቀት በእርጋታ፥ አጭሩን ርቀት እየደጋገመ በፍጥነት፥ ዳገቱንም በትዕግሥት እንዲሮጥ አደረገው። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አበበ በአዲስ አበባ በተደረገ የማራቶን ውድድር አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ውድድር 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። ይህም ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ሰዓት የተሻለ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ገደማ ነበር።

የሮም ማራቶን የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ ማለት በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ነበር። በሮም የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው፥ አበበ በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቆረጠ። በአገር ቤት የእንቁጣጣሽ ችቦ በሚበራበት ምሽት፥ በሮም ደግሞ ወታደሮች ችቦ ይዘው የሯጮቹን መንገድ ያበሩ ነበር። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፥ ኢጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ወስደው በከተማቸው ባቆሙትና በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ በተመለሰው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ፍጥነቱን ጨመረ። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይህ ነው። ጓደኛው አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆነ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስገነዝብ እንወዳለን። ብዙ ሰው የአበበን ታሪክ ሲያወራ ባዶ እግሩን ብቻ ያነሣል፤ ድሉንም እንደ ድንገተኛ ተአምር ይቈጥረዋል። ነገር ግን ባዶው እግር የአንድ ምሽት ውሳኔ ሲሆን፥ ልምምዱ የዓመታት ሥራ ነበር። እርግጥ ነው፥ ክብር ዘበኛ ለስፖርት ቦታ የሚሰጥ ክፍል ስለ ነበር፥ በጽሕፈት ቤት ከሚውል ሠራተኛ ይልቅ ለአበበ ተመችቶት ነበር ማለት ይቻላል። ቢሆንም የተሰጠውን ጊዜ ያላባከነው እሱ ራሱ ነው።

ድሉም ከችግር አላዳነውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አለቆች ባደረጉት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን 5ኛ ወጣ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ደግሞ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ጥገና ወጣለት። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ተከታዩ ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲገባ፥ አበበ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩ ተጎድቶ ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁን ግን የሥራ ባልደረባው ማሞ ወልዴ አገኘው። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን በሸኖ አጠገብ መኪናው ተገልብጣ፥ እነዚያ እግሮች ዳግመኛ የማይቆሙ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ሲታከም ቀስት መወርወር ተማረ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦም ተወዳደረ። በኖርዌይ ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር ድል አደረገ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበርም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ያለው መንገድ ስምንት ማራቶን ያህል ነው። ያን ሁሉ በአንድ ቀን ሩጡ የሚል የለም። ከሥራ በፊት ያለችውን አንዲት ሰዓት ግን፥ አበበ በወታደርነቱ እንዳደረገው፥ በሥርዓት እንድትጠቀሙባት ወጣት አንባቢዎቻችንን እናሳስባለን።