ከጅማ የተነሳው የአፍሪካ ኳስ አባት

የጅማ ኳስ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታች ባደገ በዓመቱ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ መብላቱን ነው። ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ወደ ዓለም ከሚወጣው ቡና ሌላ ከተማዋ ለዓለም ስለሰጠችው ሰው ግን ብዙም አይወራም።

ይድነቃቸው ተሰማ ጅማ ላይ የተወለዱት በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። ያኔ አገሩን የሚገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና ጀርመን አገር በሸክላ ባስቀረጹት ዜማ ይታወቃሉ። ልጅየው የተለከፉት ግን በኳስ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ገና በአፍላነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ለበሱ፤ ከሃያ ዓመት በላይም አላወለቁትም። በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገራል። የዛሬ አጥቂዎቻችን ይህን ቁጥር ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ! በጣሊያን ወረራ ዘመን ነጭና ሐበሻ በየፊናው እንዲጫወት ተደርጎ ነበር። ይድነቃቸው ይህን ያዩት በልጅነታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ለሦስት ቀሩ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ በአሠልጣኝነት የመሩት ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ለፍጻሜ ቀረበ። ተጋጣሚው ሁለቱን የቀደሙ ዋንጫዎች የበላው የግብፅ ቡድን ነው። ግብፆች ቀድመው አገቡ፣ የእኛዎቹ አቻ አደረጉ። ደስታው ሳይበርድ በደቂቃ ልዩነት ሁለተኛ ገባ። ጨዋታው አለቀ ሲባል በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2! ዋንጫውንም አምበሉ ሉቺያኖ ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ደግማ አላነሳችም።

ከሜዳ ውጪ ያለው ግጥሚያ ረዘም ያለ ነበር። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ አሸናፊ ገና ከሌላ አህጉር ቡድን ጋር ተጫውቶ እንዲያልፍ ፊፋ ሲወስን፣ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አህጉሩ እንዳይሳተፍ አስደረጉ። ለ1970 አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ በ1982 ሁለት ሆነ።

በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለደቡብ አፍሪካ የሚለሳለሱት እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ የፊፋን ወንበር ለብራዚላዊው ሃቬላንጅ ሲለቁ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። በ1976 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አባረረ። ሰውየው በሁሉም ነገር ተሳክቶላቸዋል ማለት አይደለም። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አጥብቀው ቢቃወሙም ፍልሰቱን ማቆም አልቻሉም።

ፕሬዚዳንት እንደሆኑ በካንሰር ሕመም ያረፉት በቡሔ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ነው። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ሆነ። በ1996 ራሷ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾቿ በአንድ ማሊያ ተሰልፈው ዋንጫውን ወሰዱ።