ከጸሐፊነት ወደ ሲኒማ፦ የአሊስ ጊ የሕይወት ታሪክ

ከመሥሪያ ቤት ከተወጣ በኋላ ያለችው ጥቂት ሰዓት ምን ቢሠራባት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለተማሪውም ሆነ በቅርቡ ሥራ ለያዘው ወጣት እንግዳ አይደለም። አንዳንዱ ለእንጀራው ሲል የሚወደውን ነገር እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ሌላው ደግሞ የሚወደውን ሲያሳድድ እንጀራው ያመልጠዋል። ዛሬ ታሪክዋን የምናቀርብላችሁ ፈረንሣዊት ሴት ግን ሁለቱን አብራ ይዛ በመጓዝዋ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የፊልም ዳይሬክተር ለመሆን በቅታለች። ስምዋ አሊስ ጊ ይባላል፤ ባል ካገባች በኋላ ደግሞ አሊስ ጊ ብላሼ ተብላ ትታወቃለች። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሊስ የተወለደችው በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሳን ማንዴ፣ ጁላይ 1 ቀን 1873 ነው። አባትዋ በደቡብ አሜሪካ በቺሌ አገር መጻሕፍት ይነግድ ነበር። ልጅቱ ገና በጨቅላነትዋ በስዊስ አገር ከአያትዋ ዘንድ ተቀመጠች፤ ቀጥሎም ውቅያኖስ ተሻግራ ከወላጆችዋ ጋር በቺሌ ጥቂት ከኖረች በኋላ፣ ወደ አውሮፓ ተመልሳ መነኮሳይያት በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ገባች። የመጽሐፍ ነጋዴ ልጅ በመሆንዋ ንባብ ከልጅነትዋ ጀምሮ አብሮዋት አደገ፤ ቴአትርም ትወድ ነበር። ይሁን እንጂ የአባትዋ ንግድ ከሰረ፤ ወንድምዋ ሞተ፤ አባትዋም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። እናትዋን መርዳት የአሊስ ዕዳ ሆነ። በዚያን ዘመን ለሴት ልጅ የተከፈተው የሥራ በር ጥቂት ስለ ነበረ፣ በጽሕፈት መኪና መጻፍንና ንግግርን በፈጠነ ምልክት የሚመዘግበውን የስቴኖግራፊ ትምህርት ተማረች።

በ1894 በፓሪስ የፎቶግራፍ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ጸሐፊ ይፈልግ ነበር። አሊስ ለመቀጠር በቀረበች ጊዜ ሹሙ ሌዎን ጎሞን ዕድሜዋ ለቦታው ማነሱን ቢገልጽላት፣ ይህ ጉድለት ጊዜ የሚያርመው ነው ብላ መለሰችለት። ተቀጠረችም። በሚቀጥለው ዓመት ጎሞን ኩባንያውን ከሸሪኮች ጋር ገዝቶ በስሙ አቋቋመው፤ ከሸሪኮቹም አንዱ የፓሪሱን ታላቅ የብረት ግንብ ያሠራው ጉስታቭ ኤፌል ነበር። ወጣቲቱ ጸሐፊ ደብዳቤ በመጻፍና ደንበኞችን በመቀበል ብቻ አልተወሰነችም፤ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ፎቶግራፍ ማንሻውና ስለ ማጠቢያው መድኃኒት እየጠየቀች የሙያውን ምሥጢር ተማረች።

ማርች 22 ቀን 1895 አሊስና አሠሪዋ የሉሚየር ወንድማማቾች አዲስ መሣሪያቸውን ለባለሙያዎች ወደሚያሳዩበት ስብሰባ ሄዱ። በሸራው ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ከበር ሲወጡ ታዩ፤ ሥዕል ሲንቀሳቀስ ማየት በቦታው የነበሩትን ሁሉ አስደነቀ። ጎሞንም ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ለመሸጥ ተነሣ። ነገር ግን በመሣሪያው የሚነሣው ነገር የባቡር መምጣትና የወታደር ሰልፍ ብቻ ነበር። በልጅነትዋ ብዙ መጻሕፍት ያነበበችው አሊስ ይህ መሣሪያ ተረት ሊነግርበት እንደሚችል ታያት። ከጓደኞችዋ ጋር ትናንሽ ድርሰቶች እንድታነሣ ይፈቀድላት ዘንድ ጎሞንን ለመነችው። እርሱም ነገሩን እንደ ልጆች ጨዋታ ቆጥሮ ፈቀደላት፤ ይሁን እንጂ የጸሐፊነት ሥራዋ በምንም ምክንያት እንዳይበደል አስጠነቀቃት።

በዚህ ቦታ ወጣት አንባቢዎቻችን ጥቂት ቆም እንዲሉ እንወዳለን። አሊስ ይህን ግዴታ እንደ በደል አልቆጠረችውም። ቀን በቤልቪል ሠፈር በሚገኘው የኩባንያው ግቢ ሸራ ቀለም እያስቀባች፣ ጓደኞችዋን ተዋንያን እያደረገች ፊልም ታነሣለች፤ ከዚያም ወደ ቢሮዋ ተመልሳ የዕለቱን ደብዳቤ እስኪያልቅ ድረስ አምሽታ ትሠራለች። የመጀመሪያ ፊልምዋ «የጎመኗ ተረት» ሊባል ይችላል፤ ፈረንሣዮች ሕፃን ከወዴት ይመጣል ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ከጎመን ሥር ይገኛል ብለው ያጫውቱት ነበርና፣ በፊልሙ አንዲት መልካም መንፈስ ከጎመኖች መካከል ሕፃናትን እያነሣች ታሳያለች። ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አሊስ ራስዋ በማስታወሻዋ የሠራችበትን ዓመት 1896 ትለዋለች፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዓመቱ ቢከራከሩም፣ ልብ ወለድ ታሪክ በፊልም ከነገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ መሆንዋን የሚክድ የለም።

ፊልሞቹ ገበያ ባገኙ ጊዜ የጨዋታው ነገር ቀረና አሊስ የጎሞን ኩባንያ የፊልም ሥራ ኃላፊ ሆነች። እስከ 1907 ድረስ በዚህ ሥልጣን ላይ ቆይታ፣ ኋላ ታላቅ ስም ያተረፈውን ሉዊ ፌያድን ጭምር ወደ ሙያው አስገብታለች። በ1906 ያዘጋጀችው የክርስቶስ ሕይወት ፊልም 25 ክፍሎች ያሉትና 300 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት፣ ለዘመኑ ድንቅ የሆነ ሥራ ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ድምፅ ያለው ፊልም መሥራትዋ ነው። ብዙ ሰው ድምፅ ከሥዕል ጋር የተገናኘው በ1920ዎቹ መጨረሻ ይመስለዋል። ጎሞን ግን ክሮኖፎን የሚባል መሣሪያ ቀደም ብሎ ሠርቶ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ዘፋኙ በመጀመሪያ ዘፈኑን በሸክላ ያስቀርጻል፤ ቀጥሎ ሸክላው ሲዘፍን እርሱ በፎቶግራፍ ማንሻው ፊት ከንፈሩን ከድምፁ ጋር እያስማማ ይተውናል፤ በትርዒቱ ጊዜ ደግሞ የሸክላ ማጫወቻውና የፊልም ማሳያው በኤሌክትሪክ ተያይዘው እኩል ይሄዳሉ። አሊስ በዚህ ዘዴ ከ100 በላይ አጫጭር ፊልሞች አዘጋጅታለች።

ትዳርም የመጣው በሥራው መንገድ ነው። በደቡብ ፈረንሣይ ፊልም ለማንሣት በሄደች ጊዜ፣ በኩባንያው ይሠራ የነበረ ኸርበርት ብላሼ የተባለ የእንግሊዝ ተወላጅ ረዳት ሆኖ ተላከላት። ተዋደዱና በ1907 ተጋቡ። ኸርበርት ክሮኖፎንን በአሜሪካ እንዲሸጥ ስለ ታዘዘ፣ አሊስ ብዙ ዓመት የደከመችበትን ሥልጣን ትታ፣ ቋንቋውን ወደማታውቀው አገር ባልዋን ተከተለች። በክሊቭላንድ ከተማ የተሞከረው ንግድ አልተሳካም። በ1908 ሴት ልጅዋ ሲሞን ተወለደች።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የአሊስ የፊልም ሥራ ያበቃ ይመስለው ነበር። እርስዋ ግን ልጅዋን እያሳደገች፣ በኒው ዮርክ ፍላሺንግ የሚገኘው የጎሞን ስቱዲዮ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ መዋሉን ተመለከተች። ሌላው ባዶ ቤት ያየበትን ቦታ ተከራይታ በ1910 ሶላክስ የተባለውን የራስዋን ኩባንያ አቋቋመች። ሥራው ስለ ሠመረ በ1912 በኒው ጀርሲ፣ በፎርት ሊ ከተማ ከ100,000 ዶላር በላይ የፈጀ ስቱዲዮ አሠራች፤ ሁለተኛ ልጅዋ ሬጅናልድ የተወለደውም በዚያው ዓመት ነው። በስቱዲዮዋም ተዋንያኑ ሳያስመስሉ እንደ ተፈጥሮአቸው እንዲሆኑ የሚያሳስብ ትልቅ ጽሑፍ ሰቅላ ነበር። በዚሁ በ1912 ተዋንያኑ በሙሉ ጥቁሮች የሆኑበት ፊልም አዘጋጅታለች፤ ይህም ከዚህ ዓይነት ፊልሞች ሳይጠፉ ከቆዩት ቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። ፊልሞች እየረዘሙ ወጪያቸው በዛ፤ ማከፋፈሉም በታላላቅ ኩባንያዎች እጅ ገባ፤ የሲኒማው ሥራም ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። አሊስ የኩባንያውን አስተዳደር ለባልዋ ትታ በማዘጋጀቱ ላይ ብቻ ማተኮር ጀምራ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ተሟጠጠ። በ1918 ኸርበርት ቤተሰቡን ትቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት አሊስ የመጨረሻ ፊልምዋን ስትሠራ የኅዳር በሽታ በሚባለው ወረርሽኝ ተይዛ ከሞት ተረፈች። ስቱዲዮውም በሐራጅ ተሸጠ። በ1922 ትዳርዋ ፈርሶ፣ ሁለት ልጆችዋን ይዛ ወደ ፈረንሣይ ተመለሰች።

እዚያ የጠበቃት ግን ከድህነቱ የከፋ ነገር ነበር። ሥራ ስትጠይቅ ችሎታዋን የምታስመሰክርበት አንድም የፊልም ቅጂ በእጅዋ አልነበረም። በ1927 ፊልሞችዋን ፍለጋ ተመልሳ አሜሪካ ብትሄድም ባዶ እጅዋን ተመለሰች። የሲኒማ ታሪክ መጻፍ በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ሥራዎችዋ በረዳቶችዋና በሌሎች ወንዶች ስም ተመዘገቡ፤ በ1930 የታተመው የጎሞን ኩባንያ ታሪክ እንኳ እርስዋ የነበረችበትን ዘመን ዘለለው። ያን ሁሉ ደብዳቤና ፋይል በጥንቃቄ ስትጠብቅ የኖረችው ጸሐፊ የራስዋን ሥራ መዝገብ አላስቀመጠችም ነበር።

አሊስ ግን አላለቀሰችም፤ ብዕርዋን አነሣች። ለልጆች ተረት እየጻፈች ስትኖር፣ በአሜሪካ ኤምባሲዎች ትሠራ በነበረችው በልጅዋ በሲሞን ትደገፍ ነበር። የሠራቻቸውን ፊልሞች ከትዝታዋ እያወጣች ዘረዘረች፤ ለታሪክ ጸሐፊዎችም ደብዳቤ እየጻፈች ስሕተታቸውን እንዲያርሙ ጠየቀች፤ የሕይወትዋንም ማስታወሻ አዘጋጀች። በ1954 የጎሞን ልጅ ሉዊ በፓሪስ ባደረገው ንግግር ውለታዋን በይፋ መሰከረ። መንግሥትም የክብር ሌጂዎን ኒሻን ሸልሟታል። ማርች 24 ቀን 1968 በኒው ጀርሲ በ94 ዓመትዋ ስታርፍ ግን ማስታወሻዋን የሚያትም አላገኘችም ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው በ1976 ነው።

ከዚያ ወዲህ በየአገሩ መዛግብት ከአንድ መቶ የሚበልጡ ፊልሞችዋ ተገኝተዋል፤ በጠቅላላው የሠራቻቸው ወደ 1,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ መክፈቻ በሴን ወንዝ ዳር ከተነሡት ዐሥር የታላላቅ ሴቶች ሐውልቶች አንዱ የእርስዋ ነበር።

እኛ ከዚህች ሴት ሕይወት ሁለት ነገር እንድትወስዱ እንሻለን። ቢሮዋም ሆነ ቤትዋ ፊልም ከመሥራት አላገዳትም፤ እንዲያውም ሲኒማዋን የጀመረችው ከጸሐፊነት ጠረጴዛዋ ሥር ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሥራን ማሳመር ብቻውን አለመብቃቱ ነው። የደከማችሁበትን ነገር ቀኑንና ስማችሁን ጽፋችሁ፣ ቅጂውን አስቀምጡ። አሊስ ጊ አንድ ሣጥን ፊልም አስቀምጣ ቢሆን ኖሮ፣ አርባ ዓመት ያህል ስምዋን ስትፈልግ ባልኖረች ነበር።