የደብረ ብርሃኑ ንጉሥና የሰማዩ አባታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከተማችን ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ንጉሡ በዚህ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም ተከሉ። እግዚአብሔርን አባታችን ብለን ስንጠራ ምን ዓይነት አባት እናስባለን? ይህን ለመመርመር የእኚህን ንጉሥ ሕይወት በአጭሩ እንመልከት።

ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊት ልጅ ሲሆኑ፣ የነገሥታት ልጆች በሚጠበቁበት በግሸን አምባ ቆይተው በ1426 ዓ.ም. ነገሡ። ለቤተ ክርስቲያን የሠሩት ሥራ ታላቅ ነው። የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ደነገጉ። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ በሰንበት ምክንያት ተለያይተው የኖሩትን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስታረቁ። መጽሐፈ ብርሃንም በስማቸው ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ሌላውን ያስታረቁት ንጉሥ በገዛ ቤታቸው ዕርቅ አላገኙም። ጣዖትንና ጥንቆላን አጥብቀው ይጠሉ ስለነበር የከሳሾች ቃል በፊታቸው ተሰሚ ሆነ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ በጣዖት አምልኮ ከተከሰሱት መካከል የአብራካቸው ክፋዮች ነበሩ፤ በቅጣቱም የሞቱ አሉ። ባለቤታቸው ጽዮን ሞገሳ ልጃቸውን ለማንገሥ አሲረዋል ተብለው በግርፋት ምክንያት ዐረፉ። ልጃቸው በእደ ማርያም እናታቸውን በቤተ ክርስቲያን ስላሳሰቡ አባታቸው ክፉኛ ተቆጡባቸው። በመጨረሻ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አማልደው አባትና ልጅን አስታረቁ። ንጉሡ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ሲያርፉ በእደ ማርያም ነገሡ፤ ምሕረትም አውጀው እስረኞችን ፈቱ። በግርፋት ቤት ያደጉት ልጅ ይቅርታን መረጡ ማለት ነው።

እኛ በንጉሡ ላይ ልንፈርድ አልተነሣንም። እምነታቸው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ለእግዚአብሔር መቅናት በልጅ ላይ መጨከን መሰላቸው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የምናገኘው አባት ግን እንዲህ አይደለም። የጠፋው ልጅ ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ ያቅፈዋል፤ ኑዛዜውን እስኪጨርስ እንኳ አይጠብቅም። ከሳሹ ታላቅ ወንድም ሲመጣም ክሱን ተቀብሎ ታናሹን አያባርርም፤ ይልቁንም ወደ ውጭ ወጥቶ ከሳሹን ራሱን ይለምናል። በዚያ ቤት ኃጢአት ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ልጅነት ከኃጢአት ይበልጣል ማለት ነው።

ከእኛ ወጣቶች መካከል አንድ ጊዜ ስለወደቅን ብቻ ከንስሐ አባታችን የምንሸሽ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆመን የምንቀር አለን። ይህም የሚሆነው አለንጋ የያዘ አባት በልባችን ስለሣልን ነው። እንግዲህ ያንን ሥዕል ከልባችን እናውጣ፤ አባታችን በደጅ ቆሞ መንገዱን እየተመለከተ ነውና ሳንዘገይ እንመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።