ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፦ ወሎ በባዕድ ካሜራ የታየበት ዘመን

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ከልዑል ራስ መኮንን ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ተፈሪ ነው። በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ዘውድ ጫኑ። የሕይወታቸውን ዋና ዋና ክንውኖች የሚዘረዝሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ብዙ ጊዜ በማይነሳ አንድ ገጽታ ላይ ይሆናል፤ እርሱም ንጉሠ ነገሥቱ ከመገናኛ ብዙኃን፣ በተለይም ከቴሌቪዥን ጋር የነበራቸው ግንኙነት ነው።

የኅትመትና የምስል ኃይል የገባቸው ገና በእንደራሴነታቸው ዘመን ነበር። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ በዚያው ስም የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ፋሺስት ጣሊያን ሀገሪቱን በወረረ ጊዜ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ በሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር ቀርበው ያሰሙት አቤቱታ በዜና ፊልም ተቀርጾ በየሀገሩ ሲኒማ ቤቶች ታየ። ማኅበሩ ኢትዮጵያን ባይታደግም፣ ምስሉ የንጉሠ ነገሥቱንና የሀገራቸውን ስም በዓለም አሳወቀ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ የዘውድ በዓል የሚከበርበት ነበር። ጣቢያው ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እገዛ ተቋቁሞ፣ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሆነ። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ ሲሆን ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ አይርቅም ነበር። በዚያን ዘመን አዲስ የተከፈቱ ጣቢያዎች በብዙ ሀገር ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው፤ የራሳቸውን ዝግጅት ለመሥራት የሰው ኃይልም ገንዘብም ያጥራቸዋል። በመሆኑም የሥርጭት ሰዓታቸውን የሚሞሉት ከአሜሪካና ከአውሮፓ አከፋፋዮች በተገኙ ፊልሞች ነበር። አንድ ዝግጅት ተባዝቶ ለብዙ ጣቢያዎች ስለሚሸጥ፣ ራሱ ከመሥራት ይልቅ መግዛት ይረክሳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ዜናና የሀገር ውስጥ ዝግጅት ቢኖረውም ከዚህ ልማድ ውጪ አልነበረም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ተመልካች የሩቅ ሀገር ከተሞችን በየምሽቱ ሲያይ፣ የራሱን ሀገር ገጠር የሚያይበት ዕድል ጠባብ ነበር።

ላሊበላና የላስታ ደጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዓለም አቀፍ ድጋፍ ሲጠገኑ፣ የውጭ ባለሙያዎችና ጎብኚዎች ወደ ስፍራው ይመጡ ነበር። የአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ምስል በዓለም ዙሪያ ታወቀ። በዙሪያቸው በተራቆተ ተዳፋት ላይ ገብስና ስንዴ የሚያርሰው ገበሬ ግን የዚያ ምስል አካል አልነበረም፤ የቴሌቪዥን ሥርጭትም አይደርሰውም። ላስታ የሚታየው ለድንጋዩ እንጂ ለሰዉ አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. ድርቅ በወሎ ጠና። ከጠቅላይ ግዛቱ ተነሥተው በእግር ወደ አዲስ አበባ ያመሩ ገበሬዎች ከከተማዋ ዳርቻ እንዲመለሱ ተደረገ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። ማስረጃው በእጅ ነበር፤ በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ግን ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ለቴምስ ቴሌቪዥን የሠራው፣ ትርጉሙ የማይታወቀው ረሃብ የሆነ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታኒያ ታየ። ፊልሙ ከፍተኛ ርዳታ አሰባሰበ። መጠለያዎቹ በአብዛኛው ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ስለነበሩ፣ ካሜራው ያገኘው እስከ መንገዱ ለመድረስ ጉልበት የነበራቸውን ነው። ከመንገድ ርቀው በየቀያቸው የቀሩትን የሚያሳይ ምስል አልነበረም። የሟቾች ቁጥር ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይለያያል፤ የግምቶቹ ስፋት ራሱ ስንቱ ሳይቆጠር እንዳለፈ ያመለክታል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1966 ዓ.ም. ወሎን ጎበኙ፤ በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ሠራዊቱም፣ ተማሪውም፣ የከተማው ሕዝብም አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የእንግሊዙ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ደርግ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ ትዕይንቶችን አስገብቶበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት እንደተነገራቸው ይወሳል። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ከሥልጣን ወርደው በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። እርሳቸው ባቋቋሙት ጣቢያ የታየው የባዕድ ፊልም የዘመናቸው መዝጊያ ሆነ። የብሪታኒያ ተመልካች ያየውን ኢትዮጵያዊው ተመልካች በቤቱ ያየው አሥራ አንድ ወር ያህል ዘግይቶ ነው። ያኔም የቀረበለት ረሃቡን እንዲያስቆም ሳይሆን የሥልጣን ለውጡን እንዲቀበል ነበር፤ የላስታ ገበሬም ከተመልካቾቹ መካከል አልነበረም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱን በዚያ ፊልም የከሰሰው መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱ በተመሳሳይ ፈተና ወደቀ። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር ረሃቡ ለሕዝብ በግልጽ አልተነገረም ነበር። በጥቅምት ወር ዓለም የኮረምን ሕዝብ ያየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ባነሳውና የእንግሊዙ ቢቢሲ ባሠራጨው ፊልም ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ አጽም በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። ያስተዋወቁት ቴሌቪዥን ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ይሰማል፤ በብዙ ገጠሮችም ይታያል። ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት ግን ከመሣሪያው ብዛት ይልቃል። መረጃ ከቀበሌ ወደ ላይ፣ ከላይም ወደ ሕዝብ በጊዜው ካልደረሰ፣ ጣቢያ መክፈት ብቻውን ሕይወት አያድንም። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋገጠው ለዚህ ነው። በየቀበሌውና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት መረጃ የሚጠይቅ፣ በአካባቢው የተከሰተውን ችግርም የሚያሳውቅ ዜጋ ይህንኑ መብቱን ይጠቀማል።