ጁልየት ሎውና የልጃገረዶች ስካውት

ከአሜሪካ አገሮች አንዲቱ ጆርጅያ ትባላለች፤ በእርስዋም ሳቫና የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በዚህች ከተማ በ1860 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ጁልየት ጎርደን ተወለደች። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዓመት ሁሉ እንዲሁ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። አባትዋ በጥጥ ንግድ የከበረ ሰው ነበረ፤ እርስዋም ከስድስት ልጆቹ ሁለተኛይቱ ነበረች። ቤተ ሰቦችዋም በአበባ ስም ዴዚ ብለው ይጠሩዋት ነበር።

ጁልየት ሥራ የማትንቅ ሴት ነበረች። ሥዕል መሣል ታውቅ ነበር፤ ካደገችም በኋላ ብረት መቀጥቀጥ ተምራ ለቤትዋ የብረት በር በገዛ እጅዋ ሠራች። በዚያ ዘመን የባለጸጋ ልጅ በእሳትና በመዶሻ ስትሠራ ማየት ለሰው ሁሉ እንግዳ ነገር ነበረ።

ዕድሜዋ 25 ዓመት በሆነ ጊዜ ጆሮዋን አመማት። ስለ አንድ አዲስ መድኃኒት ሰምታ ነበርና ሐኪሙን ይህን አድርግልኝ ብላ ግድ አለችው፤ መድኃኒቱም በማዳን ፈንታ ጆሮዋን ጎዳው። በ1886 ዓ.ም. ዊልያም ሎው የሚባለውን የእንግሊዝ ባለጸጋ አገባች። በዚያ አገር ልማድ ሙሽሮች ሲወጡ ሩዝ ይበተንባቸዋል፤ አንዲት የሩዝ ፍሬ በደኅናው ጆሮዋ ገባች፤ ፍሬይቱ ከወጣች በኋላም ጆሮዋ ቈስሎ በዚያ በኩል ፈጽማ ደነቈረች። የሠርግዋ ደስታ እንዲህ ባለ መከራ ተቀላቀለ።

ትዳርዋም አልሠመረም። ልጅ አልወለደችም፤ ባልዋም እርስዋን ትቶ ሌላ ሴት ወደደ። በ1905 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ከሀብቱ የሚበዛውን ለዚያች ሴት ተናዝዞ ተገኘ። ጁልየት ተሟግታ የሚገባትን ያህል አገኘች፤ ነገር ግን ገንዘብ ቢኖራት በየአገሩ ከመዞር በቀር የሚጠብቃት ሥራ አልነበረም።

በ1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ጄኔራል ባደን ፓዌልን አገኘችው። ይህ ሰው ወንዶች ልጆችን ሰብስቦ በሜዳ መስፈርን፥ መንገድ መፈለግን፥ የታመመ መርዳትን የሚያስተምር ማኅበር አቁሞ ነበር፤ ስሙም ስካውት ነው፤ ይኸውም ፊት ፊት እየሄደ የሚሰልል ማለት ነው። እኅቱ አግነስም ለሴቶች ልጆች እንዲሁ ያለ ማኅበር ትመራ ነበር። ጁልየት ይህን ባየች ጊዜ በስኮትላንድ ተራሮች መካከል ግሌን ላዮን በሚባል ሸለቆ ሰባት ድኾች ልጃገረዶች ሰበሰበች። አንዳንዶቹ ወደ ቤትዋ ለመድረስ ብዙ መንገድ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ፋብሪካ መሄዳቸው የማይቀር ነበርና፥ በአገራቸው ተቀምጠው እንዲኖሩ ሱፍ መፍተልንና ዶሮ ማርባትን አስተማረቻቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሳቫና ተመለሰች። በደረሰችም ጊዜ የሴቶች ትምህርት ቤት ለምትመራ ዘመድዋ በቴሌፎን ነገሩን ነግራ ሥራው በዚያው ሌሊት እንዲጀመር ለመነቻት። በ1912 ዓ.ም. 18 ልጃገረዶች ስማቸውን አስጻፉ። ከክርስቲያንም ከአይሁድም፥ ከሀብታም ቤትም ከድኻ አደጎችም ተሰበሰቡ። ነገር ግን በዚያ አገር ነጭና ጥቁር ተለያይቶ ይኖር ስለ ነበረ፥ ይህ ክፉ ልማድ በማኅበሩም ውስጥ ብዙ ዘመን ቈየ። ልጃገረዶቹ የቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ መንገደኛ አይቶ እንዳይነቅፋቸው ሜዳቸው በሸራ ይጋረድ ነበር።

ማኅበሩ ገንዘብ ባስፈለገው ጊዜ የሉል ሐብልዋን በ8,000 ዶላር ሸጠች። ወዳጆችዋንም ለሥራ ስትጠራ መልሳቸው እምቢታ ከሆነ፥ መደንቈርዋን ሰበብ አድርጋ ያልሰማች ትመስል ነበር፤ ብዙዎችም በዚህ ተይዘው ገቡ። አንድ ቀንም በሸንጎ መካከል አዲሱን የስካውት ጫማ ለማሳየት በራስዋ ቆማ እግርዋን ወደ ላይ ሰቀለች።

ጁልየት ልጃገረዶች ትእዛዝ ከመስማት በቀር ሌላውንም መምራት እንዲለምዱ ትሻ ነበር። ማኅበሩም በ1919 ዓ.ም. የወርቅ ንስር ጫጩት የሚባል ታላቅ ሽልማት አቆመ። ይህን ለማግኘት ልጂቱ በ21 ልዩ ልዩ ሥራዎች ተፈትና ምልክት መቀበል ነበረባት፤ ድውይ ማስታመም፥ ምግብ ማብሰል፥ ሕፃን መጠበቅ ከእነዚሁ ነበሩ። ከምልክቶቹ አንዱን ማግኘት ቀላል ነው፤ ሁሉን መፈጸም ግን ዓመታት ይፈጅ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. ጁልየት የማኅበሩን ሊቀ መንበርነት ለሌላ ሴት ለቀቀች። ሥራን ከመጀመር ይልቅ የጀመሩትን ለሌላ ሰጥቶ መሄድ ይከብዳል፤ እርስዋ ግን መሥራች ከመባል በቀር ሌላ ስም አልፈለገችም። ጥቂት ቈይቶ ነቀርሳ ያዛት፤ ሕመምዋንም ሰውራ ትሠራ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በሳቫና ሞተች፤ የስካውት ልብስዋንም ለብሳ ተቀበረች፤ የማኅበሩ ሹማምት ያመሰገኑበት ቴሌግራም በኪስዋ ነበረ። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ልጃገረዶች ከ100,000 ይበልጡ ነበር።

የወርቅ ንስር ጫጩት ግን ከእርስዋ በኋላ ብዙ አልቈየም። ማኅበሩ ልጃገረዶቹን በየዕድሜያቸው በሦስት ክፍል ከፈለ፤ ሥርዓቱም ሁሉ ተለወጠ፤ ሽልማቱም በ1939 ዓ.ም. ቀረ። እስከዚያ ድረስ ከ10,000 የሚበልጡ ልጃገረዶች ተቀብለውት ነበር። በስፍራው ሌሎች ሽልማቶች በየጊዜው ተተኩ፤ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ የወርቅ ሽልማት ይባላል። ይህን የምትሻ ልጅ አገርዋን የሚጎዳውን አንድ ነገር ራስዋ ፈልጋ፥ መፍትሔውንም አስባ፥ ሌሎችን አስከትላ ትፈጽመዋለች።