የመርከብ አለቃው ሐንስ ላንግስዶርፍ

ሐንስ ላንግስዶርፍ በ1886 ዓመተ ምሕረት፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894፤ ሩገን በምትባለው የጀርመን ደሴት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ ዱስልዶርፍ ከተማ ስለ ተዛወሩ ለአድሚራል ግራፍ ሽፔ ቤተ ሰብ ጎረቤት ሆኑ። ልጁም አድጎ በ1904 ዓመተ ምሕረት በኪል የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1908 በጁትላንድ የባሕር ጦርነት ተዋግቶ የብረት መስቀል ኒሻን ተሸለመ። በ1931 የታዘዘባት ታላቅ የጦር መርከብ በዚያው በጎረቤቱ ስም አድሚራል ግራፍ ሽፔ ትባል ነበር።

መርከቢቱ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ከጀርመን ወጣች። ከመስከረም እስከ ኅዳር 1932 ድረስ በአትላንቲክና በሕንድ ውቅያኖስ ዘጠኝ የእንግሊዝ የንግድ መርከቦችን አሰጠመች፤ ክብደታቸውም በጠቅላላው 50,000 ቶን ያህል ነበር። ነገር ግን ከነዚህ መርከቦች ሠራተኞች አንድ ሰው ስንኳ አልሞተም፤ አለቃው አስቀድሞ ሰዎቹን እያወረደ ይማርክ ነበርና። ያገለገለው መንግሥት ለሰው ነፍስ የማይራራ የሂትለር መንግሥት ስለ ነበረ ይህ ጠባዩ ይበልጥ ይደነቃል።

ከጦር መርከብ ጋር እንዳይገጥም ታዝዞ ሳለ፤ በታኅሣሥ 3 ቀን ሦስት የእንግሊዝ መርከቦች ባየ ጊዜ ወደ እነርሱ ገሠገሠ። በዚህ የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው፤ ነቀፋውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ኤክሴተር የተባለችውን መርከብ ክፉኛ ጐዳት፤ ከእርሱም ወገን 36 ሰዎች ሞቱ፤ እርሱ ራሱ ቈሰለ። መርከቢቱም ስለ ተጐዳች ወደ ሞንቴቪዴዎ ወደብ ገባች፤ ምርኮኞቹም በዚያ ተለቀቁ። በሙታኑ ቀብር ላይ ሌሎች እጃቸውን እንደ ናዚ ሥርዓት ሲዘረጉ፤ እርሱ በጥንቱ የባሕር ኃይል ልማድ ሰላምታ ሰጠ።

የኡራጓይ መንግሥት የፈቀደለት 72 ሰዓት ብቻ ነበር። እንግሊዞች ብርቱ መርከቦች ከውጭ ይጠብቃሉ የሚል ወሬ አስነዙ፤ በእርግጥ ግን የደረሰችላቸው አንዲት ኩምበርላንድ ብቻ ነበረች። ጥይቱ እያለቀበት የሄደው አለቃ ከአንድ ሺህ የሚበልጡትን ሰዎቹን ለሞት ከማቅረብ መርከቢቱን ማጥፋት መረጠ፤ በታኅሣሥ 7 ቀን ሰዎቹን አውርዶ በገዛ እጁ አፈረሳት። መርከበኞቹን በቦነስ አይረስ ለአርጀንቲና መንግሥት ካስረከበ በኋላ፤ በታኅሣሥ 10 ሌሊት ለራሱ ግን ሳይራራ ሕይወቱን አጠፋ፤ ሚስቱና ልጆቹም ያለ እርሱ ቀሩ። የተቀበረው በዚያው ከተማ በቻካሪታ መካነ መቃብር ነው።

ሂትለር በነገሩ እጅግ ተቈጣ። የጀርመን የባሕር ኃይልም ከእንግዲህ ወዲያ መርከብ ሁሉ እስከ መጨረሻው ጥይት ይዋጋ ሲል አዘዘ። በግንቦት 1933 ቢስማርክ የተባለችው መርከብ በዚሁ ዓይነት ተዋግታ ስትሰጥም ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች አብረዋት ጠፉ። የላንግስዶርፍ መርከበኞች ግን በአርጀንቲና በግዞት ተቀምጠው፤ ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ በዚያው አገር ትዳር ይዘው ኖሩ።