ከማሉዲን አል-ፋሪሲ፦ ቁጥርን እስከ ሥሩ የፈታ ሊቅ



60ን ወደ 2፣ 2፣ 3 እና 5 መበተን ገና በልጅነታችን ተምረን ያለፍነው ነገር ነው። የትኛውም ቁጥር ቢሰጠን እንዲህ ተበትኖ እንደሚያልቅ በምን እናውቃለን ብለን ግን አልጠየቅንም። ጠይቆ ማስረጃ ያቀረበው ከማሉዲን አል-ፋሪሲ (ረሒመሁላህ) ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1267 ተወለደ፤ ባግዳድ በሞንጎሎች እጅ ከወደቀች ገና 9 ዓመቷ ነበር። መምህሩ ቁጡቡዲን አሽ-ሺራዚ የኢብኑል ሀይሠምን ኪታቡል መናዚር እንዲያነብ መራው። እሱም ውሃ የሞላበትን የመስታወት ሉል እንደ ዝናብ ጠብታ ወስዶ ቀስተ ደመና እንዴት እንደሚፈጠር አብራራ። ስሙ በብዛት የሚነሳው በዚህ ነው።

እኛን የያዘን ግን ስለ ተዋዳጅ ቁጥሮች የጻፈው ኪታብ ነው። የ220 አካፋዮች፣ ከራሱ በቀር፣ ሲደመሩ 284 ይሆናሉ፤ የ284ቱ ደግሞ 220። እንዲህ ያሉ ጥንዶች የሚገኙበትን ደንብ ቀድሞ ያወጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሣቢት ኢብኑ ቁርራ ነው። (ሣቢት የሐራን ሳቢያዊ እንጂ ሙስሊም አልነበረም፤ የሰውን ድርሻ ለባለቤቱ መስጠት ይገባናል።) አል-ፋሪሲ ደንቡን በአዲስ መንገድ ሊያረጋግጥ ተነሣና መጀመሪያ መሠረቱን ቆፈረ፦ ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ውስን በሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት እንደሚገለጽ አሳየ። ከዚያ ብቸኛ ቁጥሮቹን እያጣመረ የአንድን ቁጥር አካፋዮች አንድም ሳይቀር መቁጠር ቻለ።

በዚሁ መንገድ 17,296 እና 18,416 ተዋዳጅ መሆናቸውን አስረዳ። የመጀመሪያው 16 × 23 × 47፣ ሁለተኛው 16 × 1,151 ነው። ይህ ጥንድ ለረጅም ጊዜ የፈረንሳዊው የፈርማ ግኝት ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ ፈርማ የደረሰበት ግን በ1636 ነው። በሌላ በኩል፣ አንድ ቁጥር የሚበተነው በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን በተሟላ ማስረጃ ያስቀመጠው ጋውስ ነው፣ በ1801። ይህንን ለአል-ፋሪሲ የሚሰጡ ጽሑፎች ያጋንናሉ።

አል-ፋሪሲ በ1319 አረፈ። የአካፋይ ቆጠራው ጉዳይ ግን ዛሬም አላበቃም። 33፣ 34 እና 35ን እንይ፦ 3 × 11፣ 2 × 17፣ 5 × 7። ሦስቱም ከሁለት ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች የተሠሩ ናቸው፤ ሦስቱም አራት አራት አካፋይ አላቸው። የአካፋያቸው ብዛት እኩል የሆነ ጎረቤታም ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የተረጋገጠው በ1984 ነው፤ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ሂዝ-ብራውን ነው። እንደ 33፣ 34፣ 35 ያሉ ሌሎች ሁለት ሦስትዮሾች ከ100 በታች አሉ፤ ፈልጓቸው። አራት ተከታታይ ግን አትፈልጉ፤ ከአራቱ አንዱ የግድ በ4 ይካፈላል፣ ከ4 በላይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ብቸኛ ቁጥር አይበቃውም።